ኢንሱሊን፣ የሺና የነፍስ አባቷ

ሀገሬን ለቅቄ የወጣሁት ፔርሙዝ ታቅፌ ነው። ሻንጣዎቹን ባለቤቴ የሺእመቤት ያዘች፤ ፔርሙዙን ግን ለእኔ ተወችልኝ፤ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ታውቃለች። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። ቤታችን ከሾላ ገበያ ብዙም ስለማይርቅ፣ ሲመሽ ከደጃችን ቆመን ወደ ቦሌ የሚያዘቀዝቁትን አውሮፕላኖች መብራት እናይ ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን ተራው የእኛ ሆነ። በፔርሙዙ ውስጥ በረዶ፣ በበረዶው መካከል ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለሉ ጥቂት ብልቃጦች ነበሩ። ሀገር ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ስለ አወጣጣችን ብዙ እንደተወራላችሁ አውቃለሁ፤ ገሚሶቻችሁ ፖለቲካ ነው ብላችኋል፣ ገሚሶቻችሁ ደግሞ ሹመት ቢያጣ ኮበለለ ብላችኋል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ የተሰደድኩት በዓይን ስለማትታይ አንዲት ነገር ነው፤ ስሟም ኢንሱሊን ይባላል።

ቦሌ የገጠመን ፈታሽ ወጣት ነበር፤ ለመቆጣትም ለማክበርም ገና ያልወሰነ።

«ሻይ ነው?» አለኝ ፔርሙዙን እያየ።

«መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት በፔርሙዝ? እስቲ ትንሽ ይጠጡልኝ።»

«አይጠጣም» አልኩት። «ሆድ ከገባ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጫል፤ ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። በመርፌ ነው የሚሰጠው።»

«እኔ ደግሞ የማይጠጣ ነገር ከፔርሙዝ ሲወጣ አይቼ አላውቅም» ብሎ ክዳኑን ከፈተና አሸተተ።

የሺ ትዕግሥቷ አለቀ። «ወንድሜ፣ ካላመንክ ክንድህን አምጣ፤ ልውጋህና ይለይልህ» አለችው።

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ወጣቱም ሳቁ አሸነፈው። «ይለፉ እትዬ፣ ይለፉ! እኔ መርፌ ሳይ ገና የምሮጥ ሰው ነኝ» ብሎ ሻንጣችንን እንኳ ሳይከፍት አሳለፈን።

እኔ በሥራዬ የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ክልሌ ከሾላ ገበያና ከመገናኛ እስከ ኦሎምፒያ ሱቆች ድረስ ነበር። ገበያው ዳር ብቅ ስል «ሚዛን መጣ!» የሚለው ሹክሹክታ ከበርበሬ ተራ ተነሥቶ ሽንኩርት ተራ ይደርስና የተቦረቦሩት የብረት ኪሎዎች ከጆንያ ሥር ይገባሉ። በዚያ ሥራ ዛሬም እኮራለሁ፤ ኪሎ የከፈለ ሰው ኪሎ ማግኘት አለበት ብዬ አምናለሁና። ነገር ግን ከሚዛኔ ላይ ቢቀመጥ ጠቋሚውን የማያነቃንቅ ነገር የሰውን ነፍስ ሊያቆም እንደሚችል የተማርኩት በየሺ ሕመም ነው።

ሕመሙ በጥም ጀመራት። እንስራ ሙሉ ውኃ ትጠጣለች፤ አትረካም። ትበላለች፤ ትከሳለች። ሆስፒታል የመረመራት ሐኪም ለብቻዬ ጠራኝና «አቶ ተክለማርያም፣ የባለቤትዎን ደም ስኳር ሞልቶታል፤ ሰውነታቸው ግን በረሃብ እያለቀ ነው» አለኝ።

«ሞልቶ ሳለ እንዴት ይርባታል?»

ሐኪሙ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎጃም ጤፍ ሞልቶ እኛ ለምን እንሰለፋለን?»

«ኬላ ላይ ስለሚያዝ» አልኩ እኔም በሹክሹክታ።

«በቃ፣ ገባዎት። ስኳሩ ኬላ ላይ ቆሟል። ኢንሱሊን የይለፍ ወረቀቱ ናት። የይለፉን ወረቀት የሚጽፈው ቆሽት ነው፤ የእሳቸው ቆሽት መጻፍ አቁሟል።»

ይህንን ለየሺ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «ቆሽቴን እንደምታሳርረው ድሮም ነግሬህ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ኢንሱሊን ፕሮቲን ናት። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች እንደ ዶቃ በሁለት ክር ተሰክተው የተሠራች ናት፤ ዶቃዎቹም ሃምሳ አንድ ብቻ ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ካልተዛባና ክሩ በደንቡ ከታጠፈ፣ በሰውነታችን ሴሎች ደጃፍ ላይ ካለው መቀበያ ጋር ልክክ ትላለች፤ በሩም ይከፈታል። ስትበዛም ትገድላለች፣ ስታንስም ትገድላለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልክ የሆነ ነገር ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህች የበለጠ ልክ የሆነ ነገር አላጋጠመኝም።

በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ የሚገኘው ከታረዱ ከብቶች ቆሽት ነበር። የሺ ጾም የማትገድፍ ሴት ናትና መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ኪዳነ ማርያም ነው። አባ ሰምተዋት ሲያበቁ «በጉሮሮሽ ካልወረደ መብል አይደለም» አሏት፤ ምግብ የምትቀምስበትንም ሰዓት ስለ ሕመሟ አቀለሉላት። በዚህ ረካች።

ችግራችን ማቆያው ሆነ። መድኃኒቱ ሙቀት አይችልም፤ እኛም ፍሪጅ የለንም። ሾላ ልኳንዳ ቤት የነበረው ጋሽ ቱፋ ይህን ሲሰማ «ምን ያስጨንቃችኋል? የበሬ ነገር ከበሬ ጋር ይደር!» አለና ብልቃጦቹን ከፍሪጁ ታች አስቀመጠልን። ጋሽ ቱፋ የአካባቢው ተወላጅ ነው፤ አባቱ ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ሜዳ ያርሱ ነበር። ሚዛኑን ስፈትሽ ሁልጊዜ ልክ ሆኖ ከማገኛቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነውና አመንኩት።

እንግዲህ ሁዳዴ ገባ። በቅበላ ማግስት ልኳንዳ ሁሉ ይዘጋል፤ ጋሽ ቱፋም እንደ ልማዱ ፍሪጁን አጠበ፣ ቆጣሪውን አጠፋ፣ ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን «መድኃኒታችሁን ስትፈልጉ ክፈቱ» ብሎ ለእኛ ሰጠና ወደ ዘመዶቹ ሀገር ሄደ። ብልቃጦቹን አልረሳም፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቦታቸው መልሷቸዋል። የረሳው፣ ያለ መብራት ፍሪጅ ሣጥን መሆኑን ነው። ቤት ያለው ብልቃጥ በጾሙ እኩሌታ ሲያልቅ ሄደን ከፈትን። የቆርቆሮው ክፍል እንደ ምድጃ ይግላል፤ መድኃኒቱም እንደ ተበላሸ ወተት ጓጉሏል። መድኃኒት ቤት ሮጥኩ፤ «የለም። ወደብ ላይ ነው» ተባልኩ። ያንኑ የጓጎለውን ብንሰጣት ውኃ የወጋናት ያህል ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ ሸተተኝ። ሆስፒታል አደረስኳት፤ ሐኪሞቹ ከየት እንዳመጡት ያልነገሩኝን ብልቃጥ አግኝተው መለሷት።

ጋሽ ቱፋ ሲመለስና ሲሰማ ራሱን ይዞ «ገደልኳት! በገዛ እጄ!» እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሺ ነች ያነሣችው። ከዚያ በኋላ በጾም ሁሉ ፍሪጁን ያለ ሥጋ፣ ለብልቃጦቹ ሲል ያስነሣ ጀመር፤ የሞተሩን ድምፅ የሰሙ ጎረቤቶች ደግሞ «ቱፋ በሁዳዴ ሥጋ ይሸጣል» ብለው አሙት። ሐሜቱን ችሎ ኖረ።

እኛ ግን ለመውጣት ቆረጥን። ቀደም ብሎ አዲስ አበባ መጥቶ ልኬት ያስተማረን አንድ ስዊድናዊ ባለሙያ ጥሪ ላከልን። የሕክምና ቦርድ ወረቀት ተገኘ፤ የቀረው የመውጫ ቪዛ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሹም ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ገለባበጠው።

«ጓድ፣ ሀገራችን መድኃኒት የላትም እያልክ ነው?»

«የለም ጓድ ኃላፊ፤ መድኃኒቱስ አለ። ብልቃጡ ነው የጠፋው።»

«ብልቃጡ ከጠፋ መድኃኒቱ የት ነው ያለው?»

«እሱን እኮ ነው እርስዎን ልንጠይቅ የመጣነው» አለች የሺ።

 ሹሙ መሳቢያውን ከፈተና ማኅተሙን አወጣ። «እናቴም ስኳር አለባት» አለና ወረቀቱን መታልን።

ኡፕሳላ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ፀሐይ አልነበረችም። በኋላ እንደተረዳነው፣ ክረምት ሲገባ ፀሐይ እንደኛ አቆጣጠር በዘጠኝ ሰዓት ትጠልቃለች። የነቢያት ጾም ሲጀመር የሺ በመስኮት እያየች «እዚህስ ፀሐይዋም ጿሚ ናት፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገብታ ትበላለች» ትል ነበር። ክኔከብሮድ የሚሉት ደረቅ ዳቦ አላቸው፤ ድርቆሻችን ይሻላል፣ ቢያንስ ሲረጥብ ይለሰልሳል። ፊልሚዮልክ የሚሉት እርጎ ግን እውነተኛ እርጎ ነው፤ እሱን አላማም። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ግን ጎረቤት ቢታመም በር የሚያንኳኳ የለም። እኛ ሰፈር የሺ በታመመች ጊዜ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ደጅ ይቆም እንደነበር ሳስታውስ ሀገሬ ይናፍቀኛል።

አከራያችን ፍሩ ሊንድ የሚሏቸው ባልቴት ነበሩ። ፍሩ ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። ፍሪጃቸውን ከፍተው በጣታቸው አመለከቱን፤ «ላይኛው መደርደሪያ የእኔ፣ ታችኛው የእናንተ። ድንበር አንሻገርም።» ድንበሩን የተሻገረው ግን ከላይኛው መደርደሪያ የሚንጠባጠብ ቀይ ነገር ነበር።

«ተክሌ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ የሺ።

«ሺንካ ይሉታል።»

«የምን ሥጋ ነው?»

ፍሪጁን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ። ይህ በቃት። ብልቃጦቹን አንሥታ «ከአሳማ ጋር አላሳድራቸውም» አለችና፣ እኔ ሳላይ ከመስኮቱ ውጪ ካለው ጠርዝ ላይ ደረደረቻቸው። ቅዝቃዜ ነው የሚፈልጉት አይደል? በነጋታው ሁሉም በረዶ ሆነዋል። ስኳር ያለባችሁ ስደተኞች ይህን ልብ በሉ፤ ሾላ ላይ ኢንሱሊንን ከሙቀት እንደምትጠብቋት ሁሉ እዚህ ከውርጭ ጠብቋት። ክሯ ከተበላሸ በሩን አትከፍትም። የተረፈን በቦርሳዋ የነበረ አንድ የተጀመረ ብልቃጥ ብቻ ነበር።

ጤና ጣቢያው እንደ ደረስን አዲስ ብልቃጥ ሰጡን፤ ያለ ወረፋ፣ ያለ ልመና። ሲስተር ኢንግሪድ የምትባል ነርስ መጠኑን በእንግሊዝኛ ስታስረዳኝ «ይህኛው ከአሳማ ቆሽት የተጣራ ነው፤ እጅግ ጥሩ ነው» አለችኝ በኩራት።

«ምን አለች?» አለች የሺ።

ወገኖቼ፣ አልተረጎምኩላትም ብል ማን ያውቅብኛል? ጉዳዩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ሚዛን የሚያጎድሉትን ስቀጣ የኖርኩ ሰው በገዛ ሚስቴ ላይ ቃል ላጎድል አልቻልኩም። ነገርኳት።

ብልቃጡን ቀስ ብላ ወደ ነርሷ ገፋችው። «የበሬውን አምጪልኝ በላት።»

«ማዘዝ ይቻላል» አለች ሲስተር ኢንግሪድ ግራ ተጋብታ። «ግን ሳምንታት ይፈጃል።»

«እጠብቃለሁ።»

«እሷ ትጠብቃለች፤ ስኳሯ አይጠብቅም» አለኝ ከጎን የነበረው ሐኪም።

ቤት ገብታ ያንን የተጀመረውን ብልቃጥ በጠብታ እየመተረች ትወጋ ጀመር። ሐኪሙ ያስረዳኝን ሁሉ ነገርኳት። ከሃምሳ አንዱ ዶቃዎች የበሬው ከሰው በሦስት ይለያል፤ የአሳማው ግን በአንድ ብቻ።

«አሳማ የቅርብ ዘመድሽ ነው እያልከኝ ነው?» አለችኝ።

«በዚህች በአንዷ ነገር አዎ።»

«በል እንግዲህ ለዘመድህ ሰላም በልልኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፍሩ ሊንድም ነገሩን ሲሰሙ፣ የሺ ለአሳማው ያዘነችለት መስሏቸው «አሳማው እኮ ሞቷል፤ ምን ይሰማዋል?» አሉኝ። የየሺን ስቃይ እያየሁ ሳቅኩ፤ ከዚያም ሳቄ አሳፈረኝ። ሳምንት ሳይሞላ ያ የበሰበሰ ፍሬ ሽታ ተመልሶ መጣ። እግሯ ሥር ተቀምጬ ለመንኳት።

«አባ ይፈቀድልሽ ካሉኝ እወጋለሁ» አለች። «አለዚያ ንጹሕ ሆኜ ልሂድ።»

ኦሎምፒያ ቢሮው ስልክ ላለው የሥራ ባልደረባዬ ቴሌግራም ላክሁ፤ አባን ይዞ በሰዓቱ እንዲጠብቅ። ፍሩ ሊንድ ስልካቸውን ፈቀዱልን፤ የደቂቃው ክፍያ እንዳይበዛ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓታቸውንም አጠገባችን አቆሙ። በዚያ ዘመን ስልክ ሦስተኛ ጆሮ እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መስመሩን ያገናኘችው የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር።

«ሃሎ! ማነህ አንተ ብረቱ ውስጥ ያለኸው?»

«አባ፣ ተክለማርያም ነኝ።»

«ወዴት ነህ?»

«ስዊድን።»

«ታዲያ ያን ያህል ርቀህ በሹክሹክታ ታወራለህ? ጩህ እንጂ!»

ለየሺ ሰጠኋት። አባ በክርስትና ስሟ «ወለተ ሥላሴ!» ብለው ሲጠሯት እንባዋ ፈሰሰ። ከመጣን ወዲህ በዚያ ስም የጠራት አልነበረም።

«አባቴ፣ እዚህ ያለው መድኃኒት ከአሳማ ነው። ከምረክስ ሞቴን መረጥኩ።»

 «ባልሽን ስጪኝ» አሉ አባ። ስለ ዶቃዎቹ እየጮህኩ አስረዳኋቸው።

«ሃምሳ አንድ አልክ?»

«አዎ አባ።»

«ሃምሳው ከእሷው ጋር አንድ ነው?»

«አንድ ነው።»

«እንግዲያ ፈጣሪ ሃምሳውን አስማምቶ ሲያበቃ፣ እሷ ስለ አንዱ ብላ ሃምሳውን ልትጥልበት ነው? መልሰህ ስጣት!»

ጆሮዬን ከጆሮዋ ጎን አስጠጋሁ።

«ወለተ ሥላሴ፣ መርፌውን ካጎደልሽ ስንት ቀን ሆነሽ?»

«ሳምንት ሊሆነኝ ነው አባቴ።»

«የረከስሽበት እሱ ነው። የሰጠሽን ነፍስ መልሰሽ እየወረወርሽበት ነው። ለዚህ ቀኖና ሰጥቼሻለሁ።»

«ስግደት ነው አባቴ?»

«ለስግደት ምን አቅም አለሽ? ቀኖናሽ መርፌው ነው። ጠዋትና ማታ ትወጊያለሽ፤ በጾምም በፍስክም፣ ሳታጓድዪ።»

«የአሳማውንም?»

«ያገኘሽውን!»

የሺ የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠመዘዘች።  በዚህ መካከል የማናውቀው የሴት ድምፅ ገባ፤ ኦፕሬተሯ ናት። «እትዬ፣ እሺ ይበሏቸው እንጂ! ጊዜው እያለቀ ነው!»

«እሺ አባቴ» አለች የሺ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «እስከ መቼ ነው?»

«እኔው እስክፈታሽ። ስትመጪ እዚሁ ደጀ ሰላሙ ላይ አቁሜ እፈታሻለሁ።»

«አባቴ፣ ይፍቱ...»

መስመሩ ተቋረጠ። የፍሩ ሊንድ ሰዓትም ጮኸች።

የሺ ፊቷን ጠረገችና የአሳማውን ብልቃጥ አንሥታ በመርፌው ቀዳች። ወደ ብርሃኑ አቅንታ «ልክ ነው?» አለችኝ። አየሁት፤ ልክ ነበር። ወጋች። የኢንሱሊንን ኃይል ያን ያህል በቅርብ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ያ ሽታ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ክኔከብሮዱን መልሳ ማማት ጀመረች፤ በወሩ ጉንጯ ሞላ። የአንድ እንስሳ ቆሽት፣ ካንዲት ዶቃ በቀር የእኛኑ መስሎ፣ የማያውቃትን ሴት በር እየከፈተ ይመግባታል።

ዓመታት አለፉ። እኔም በዚያው ከተማ ማዘጋጃ ቤት በልኬት ሥራ ተቀጥሬ ኋላ ጡረታ ወጣሁ። በሀገራችን ደርግ ገና ሳይወድቅ አንድ ቀን ሲስተር ኢንግሪድ አዲስ ብልቃጥ ይዛ በደስታ መጣች። ባክቴሪያ የሰውን ኢንሱሊን እንዲሠራ ተደርጓል፤ ሃምሳ አንዱም ዶቃ ልክ የሰው ነው፤ አሳማ የለበት፣ በሬ የለበት። አደነቅኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለየሺ ተረጎምኩላትና «እንግዲህ ከአሳማውም፣ ከቀኖናውም ወጣሽ» አልኳት።

አባ ኪዳነ ማርያም ካረፉ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ እኛም አልተመለስንም። የሺ አዲሱን ብልቃጥ በእጇ አገላብጣ አየችው።

«ማን ፈታኝ?» አለችኝ። «ስትመጪ ነው ያሉኝ።»